ምስክር የተፈለገለት ቧንቧ

ሰው ከአደጋው ይልቅ አደጋውን የሚነግረውን ለምን ይጠላል? ይህን ጥያቄ ለዓመታት ይዤው ኖሬያለሁ።

በአንድ የጋዝ ጉድጓድ ጣቢያ የደኅንነት ባለሙያ ሆኜ በተቀጠርኩ ሰሞን፣ የጋዝ መለኪያዬ ከዋናው ቧንቧ መገጣጠሚያ አጠገብ ስደርስ ይጮህ ጀመር። በማግስቱ ግን ጎብኚዎች ይመጡ ስለነበር፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘርጋው ጉድጓዱ ለጥገና እንዲዘጋ አልፈለጉም።

«ሽታ የለው፣ መልክ የለው፤ ምኑ ነው የሚያመልጠው? መሣሪያሽ ነው ያበደው» አሉኝ። እኔ ጉድጓዱ እንዲዘጋ ፈቃዳቸውን መጠበቅ ያዝኩ። እሳቸው ወጥ ሠሪያችንን አስጠሩ።

«ያንቺን አፍንጫ ሁሉም ያምነዋል» አሏት። «ነገ በእንግዶቹ ፊት፣ እዚህ ጋዝ አያመልጥም ብለሽ ትመሰክሪያለሽ። እምቢ ካልሽ ዛሬውኑ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ውጪ።»

ሴትዮዋ እጇን በሽርጧ ጠራረገች።

«ኧረ እመሰክራለሁ ጌታዬ፣ ምን ከፋኝ! ግን እንግዳ ባዶ ቃል አያምንም። በጉን እዚሁ ቧንቧው ሥር እንጥበስላቸው። እኔ ከተማ ሄጄ ሽንኩርት ገዝቼ እስክመለስ፣ እርስዎ ከሰሉን አያይዘው ያራግቡልኝ።»

አቶ ዘርጋው ቧንቧውን አዩ፤ ሴትዮዋን አዩ።

«እንግዶቹ ምሳቸውን ከተማ ይብሉ» አሉ በመጨረሻ።

እኔም ፈቃዳቸውን መጠበቅ ትቼ፣ ጉድጓዱን ለማስዘጋት ወሰንኩ።