ትራክተሯ ያልገባችበት በር

አንድ ሰው አዲስ ትራክተር መጣለት።

እናንተ ከተማ የምትኖሩት "ትራክተር ነው፤ ታዲያ ምን ይገርማል?" ትሉ ይሆናል። ለገበሬ እንደዚያ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ከበሬ ኋላ ሲከተል፣ ጅራፍ ሲያጮህ፣ ሞፈር ቀንበር ሲሸከም የኖረ ሰው፣ አንድ ጠዋት ቀይ ትራክተር በአይሱዙ ተጭና ደጁ ስትቆም ምን ይሆናል? ያለቅሳል። ይህም ሰው አለቀሰ። ትንሽዬ ናት፤ እንደ መንግሥት እርሻ ትራክተር ግዙፍ አይደለችም። ግን የእሱ ናት።

ስሙን ልተወው አስቤ ነበር። እሱ ራሱ "ንገር፤ በስሜ ንገር" ብሎኛል። አያ ይርሳው ይባላል። ሚስቱ እናኑ ትባላለች። አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ ልየው። መንጃ ፈቃድ ያወጣ፣ ታዛዥ፣ ሰርጉ ለጥር የተቆረጠለት ጎበዝ ነበር።

"ነበር" አልኩ። አዎ፣ ነበር። ልቦናችሁን ስጡኝ፣ ምእመናን።

ከትራክተሯ ጋር ሀብቴ የሚባል ገጣጣሚ አብሮ መጥቷል። ከበሩ ውጭ፣ ሣሩ ላይ አውርዷት ሥራውን ጀመረ። ጎማ ነፋ፣ ዘይት ሞላ፣ ማረሻውን ከኋላዋ ገጠመ። እየሠራም ያስረዳል። "ሮዳጅ እስክትጨርስ አታስጨንቋት። ገና አዲስ ናት፤ ቀስ እያላችሁ አለማምዷት። የኋላ ጎማዎቿን ደግሞ ወደ ውጭ ሰፋ አድርጌ አስሬያቸዋለሁ። ማሳችሁ ዳገት ነው፤ እግሯን ከፈት አድርጋ መቆም አለባት።"

በመጨረሻ ከነጂው ወንበር ኋላ ቀጥ ብሎ የሚቆም ወፍራም የብረት ቅስት አነሣና በብሎን አጠበቀው።

"ይሄስ ምንድን ነው ልጄ? ዕቃ መስቀያ ነው?" አለች እናኑ።

ሀብቴ ሳቀ። "አይደለም እትዬ። ሌላው ሁሉ የትራክተሯ ነው፤ ይሄ ግን የሰው ነው። ዳገት ላይ ብትገለበጥ ይሄ ብረት መሬቱን ይይዝና ያስቆማታል። ነጂው ቀበቶውን ካሰረ ከሥሯ አይገባም። ያለዚህ እንዳትነዷት።"

የሰው ነው። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከዚያ ደግሞ ማሳመሩ መጣ! እንዴት ያለ ደስታ መሰላችሁ። እናኑ ለሙሽራ ያስቀመጠችውን ነጭ አጎዛ አውጥታ ወንበሩ ላይ አነጠፈች። ልየው ከመሪው ላይ ባለ ቀለም ክር አንጠለጠለ፣ ፊቷን በላስቲክ አበባ ከበበ፣ ላሟን የሚያስደነብር ክላክስ አስገጠመ። አያ ይርሳው ከገበያ ሠዓሊ አስመጥቶ በፊቷ ላይ "የአባቴ አምላክ" ብሎ አስጻፈ። ቄሱ መጥተው ጠበል ረጩ። እልል ተባለ። "በል እንግዲህ ልየው፣ ወደ ግቢዋ አስገባት!" ተባለ።

አሁን ስለ በሩ ልንገራችሁ።

በሩን የሠሩት የአያ ይርሳው አባት ናቸው። ሁለት የወይራ ግንድ መቃን አቆሙ፤ ከላይ ደግሞ አንድ ወፍራም ወይራ ጉበን አድርገው አጋደሙበት። ያጋደሙት ግን ዝቅ አድርገው ነው፤ ሆን ብለው። "ማንም ይሁን ማን፣ ጎንበስ ሳይል እኔ ቤት አይገባም" ይሉ ነበር። እውነትም የወረዳው ሹም ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ገባ። አማቾች ጎንበስ ብለው ገቡ። ጠበል ሊረጩ የመጡት ቄስ እንኳ ጥምጥማቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የገቡት። የአገሩ ሰው ያንን ቤት "ጎንበስ ቤት" ነበር የሚለው፤ አያ ይርሳውም ይህን ሲሰማ ደረቱ ይነፋ ነበር። አባቱ ያወረሱት መሬት ጥቂት ነው፤ ያ በር ግን ትልቁ ውርሱ ነበር።

እናም ልየው አስነሥቶ ወደ በሩ ነዳት። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ፊቷ ገባ፣ መሪው ገባ... ቋ! ቅስቱ ጉበኑን መታው። እልልታው ቀጥ አለ። ልየው ወደ ኋላ መለሳትና እንደገና ሞከረ። አይሆንም። ያ ብቻ አይደለም፣ ሰፍተው የታሰሩት ጎማዎችም ግራና ቀኝ መቃኑን ታከኩት።

"አባባ፣" አለ ልየው በቀስታ፣ "ጉበኑን ብናነሳውና መቃኑንም ትንሽ ራቅ ብናደርገውስ?"

"ምኑን?"

"ጉበኑን..."

"የአያትህን ጉበን? እኔ ይርሳው፣ አባቴ ያቆመውን በገዛ እጄ ላፈርስ?"

ጎረቤታቸው አለ፤ ግቢው ሰፊ ነው። "አያ ይርሳው፣ እስክትመክርበት ድረስ እኛ ግቢ ትደር" አለ፤ በቅን ልቡ ነው ያለው። አያ ይርሳው ግን "ትራክተሬ ሰው ደጅ አታድርም!" ብሎ ጮኸበት። አያችሁ? ጉዳዩ ስለ ትራክተር መሆኑ ቀርቷል።

ከዚያ ወደ ገጣጣሚው ዞረ። "ብረቱን ፍታው። ጎማውንም ወደ ውስጥ ሰብስበው።"

"አያ፣ የሰው ነው ብዬዎት ነበር እኮ። ይሄ እንጨት ነው፤ በመጥረቢያ ወርዶ ነገ ከፍ ተደርጎ ይሠራል። ብረቱ ግን..."

"እንጨት አልከው?"

"አያ፣ ይስሙኝ..."

"አንተ ምኑን ታውቀዋለህ! አምጣ መፍቻውን!"

ሀብቴ አልፈታም አለ። መፍቻውንም ሣሩ ላይ አስቀምጦ ዘወር አለ። አያ ይርሳው ራሱ አነሣውና ብሎኑን አንድ በአንድ ፈታ። ልየው ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ብረቱ አባቱ ላይ እንዳይወድቅ በሁለት እጁ ደግፎ ያዘለት። ታዛዥ ነው ብያችሁ የለ። ጎማዎቹንም ወደ ውስጥ ሰብስበው አሰሯቸው።

"ለመግቢያ ብቻ ነው" አለ አያ ይርሳው፣ ማንም ሳይጠይቀው። "ለሥራ ስንወጣ ከደጅ እንገጥመዋለን።"

ለመግቢያ ብቻ! ስንቱን ነገር "ለመግቢያ ብቻ" ብለን ፈትተናል?

እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ ገጠሙት። ጠዋት ብረቱን ተሸክመው ይወጣሉ፣ ከደጅ ያጠብቁታል፣ ማታ ፈትተው ይገባሉ። ከዚያ ዝናቡ ጣለ፣ ሥራ ተደራረበ። "ዛሬ ሜዳው ላይ ነው የምናርሰው፤ ይቆይ" ተባለ። ቆየ። ጎማዎቹንማ ያስታወሳቸውም የለ። ብረቱ ከጎተራው ኋላ ተጋድሞ ከረመና የእናኑ የዱባ ሐረግ ተጠመጠመበት። አበባም አወጣ። ላየው ሰው ያምር ነበር።

አንድ ጠዋት እናኑ ዱባ ልትቀጥፍ ሄዳ ከሐረጉ ሥር ብረቱን አየችው። "አንተ ሰው፣ ያን ብረት ሳትገጥሙት ነው እንዴ ዳገቱ ላይ የምትወጡት?" አለችው።

"ነገ እንገጥመዋለን። አሁን እርጥበቱ ሳያመልጠን።"

በዚያው ጠዋት ነው። ልየው ዳገቱን ማሳ እያረሰ ነበር። አያ ይርሳው ከታች ዘር በአቁማዳ ይዞ ቆሟል፤ ልጁን እያየ፣ በልጁ እየኮራ። ልየው ከትልሙ ጫፍ ደርሶ ሲዞር አንደኛው የኋላ ጎማ እርከኑ ላይ ወጣ። የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። አያ ይርሳው ቀና ሲል ቀዩዋ ትራክተር በአንድ ጎኗ ተነሥታለች። "ልየው!" አለ። ሌላ ምን ይበል?

ጎኗ መሬት ነካ። እዚያ ላይ መቆም ነበረባት። የሚያስቆማት ግን አልነበረም፤ ዱባ ተሸክሞ ከጎተራ ኋላ ተኝቷል። ዞረችና ልጁ ላይ ገባች።

አባት ዳገቱን እንዴት እንደ ወጣው አያውቅም። ሲደርስ ጎማው ገና ይሽከረከራል። ነጩ አጎዛ ወዲያ ተወርውሯል። ያ "የአባቴ አምላክ" የሚለው ጽሑፍ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። ትከሻውን አስገብቶ ሊያነሣት ሞከረ። ትራክተር በትከሻ ይነሣል? እሱ ግን ጎረቤቶቹ ሮጠው እስኪደርሱ ትከሻውን አላወጣም። ልየውን ሲያወጡት ነፍሱ የለችም። ይብቃኝ፤ ይህን ሳወራው እኔንም ያመኛል።

በማግስቱ ሬሳው ከቤት ወጣ። ጎረምሶች ሳጥኑን በትከሻቸው ተሸክመው በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጉበኑ አያሳልፍም። አንድ ሽማግሌ "ዝቅ፣ ዝቅ አድርጉትና አውጡት" አለ። ልክ ነው፤ በሩን የሠሩት ሰውዬ ራሳቸው የሞቱ ጊዜም እንደዚያው ነው የወጡት።

"ቁሙ!" አለ አያ ይርሳው። "ልጄን ዝቅ አታደርጉትም።"

ገብቶ መጥረቢያ ይዞ ወጣ። አባቱ ያጋደሙትን ጉበን መፍለጥ ጀመረ። ወይራ ነው፣ ይነጥራል። እሱም ደጋግሞ ይመታል፤ እያለቀሰ ይመታል። ልርዳህ ለማለት የደፈረ የለም። ሬሳው በትከሻ እንደ ተያዘ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ይጠብቃል።

እናኑ ቀስ ብላ ቀረበችው። አልጮኸችም፤ ፊቷንም አልነጨችም። "አሁን ለምንህ ነው?" አለችው። "ያኔ ነበር።"

ያኔ ነበር።

ጉበኑ ወደቀ። ብዙም አልፈጀም፤ ያ ሁሉ ዘመን የተፈራ በር አንድ ሰው በአንድ መጥረቢያ የሚጨርሰው ሥራ ነበር። ልየው ሳይጎነብስ ወጣ።

እንግዲህ አሁን ዓይናችሁን ከይርሳው ላይ አንሡልኝ። አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ "አይ ሞኝ!" ብላችኋል። ሞኝ አይደለም። አባቱን የሚወድ ሰው ነው። አባትን መውደድ ኃጢአት ነው እንዴ? አይደለም። የአባትን ቃል መጠበቅስ? እሱም አይደለም። ታዲያ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው?

ስጦታ ተላከለት፣ ከስጦታው ጋር መጠበቂያው አብሮ ተላከለት፤ እሱ ግን ሁሉንም በበሩ ለካ። በበሩ ያልገባውን ፈትቶ ጣለ። የጣለው ደግሞ የሰው የሆነውን ነው። አጎዛው ገባ፣ አበባው ገባ፣ ክላክሱ ገባ። የልጁ ነፍስ ውጭ ቀረች።

እናንተስ? በር የላችሁም? "በእኛ ቤት እንዲህ አይደረግም" የምትሉት፣ ሰው ሁሉ ጎንበስ እንዲልላችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ያጋደማችሁት ጉበን የላችሁም? አንተ ከወንድምህ ጋር በአባቶቻችሁ ድንበር የተጣላኸው፣ ዕርቅ ደጅህ ድረስ ሲመጣ "የአባቴን ቂም አላፈርስም" ብለህ አልመለስከውም? አንቺስ፣ ልጅሽ እያለቀሰች የነገረችሽን ነገር "ስማችን ይጠፋል" ብለሽ አፏን አላስያዝሻትም? የታመመ ልጁን "ሰው ምን ይለኛል" ብሎ ጓዳ የደበቀ አባት ከመካከላችን የለም? የሚገሥጻችሁን የንስሐ አባትስ የት አደረጋችሁት? ለመግቢያ ብቻ ብላችሁ ፈታችሁት፣ ከጎተራ ኋላ አስቀመጣችሁት፣ አሁን ዱባ በቅሎበታል!

አትሳቁ። ትዳራችሁን፣ ልጆቻችሁን፣ ነፍሳችሁን አምላክ ሲሰጣችሁ ባዶ አልሰጣችሁም። ስትወድቁ የሚያቆማችሁን አብሮ ገጥሞ ነው የሰጣችሁ። አያምርም፤ አውቃለሁ። ከፍ ብሎ ይቆማል፣ በሩን ያንኳኳል፣ "ወይ እኔን ወይ ጉበኑን" ይላል። መልሱ ከእናንተ ነው የሚጠበቀው።

ዛሬ በዚያ ቤት ሁለቱ መቃኖች ብቻ ቆመዋል። ማንም ቀና ብሎ ይገባል። አያ ይርሳው ከደጁ ተቀምጦ የሚያልፈውን ያያል። ለምን እንደማይዘጋው ጠየቅሁት። "ይኸው አሁን ተከፈተ፣" አለኝ፣ "የሚገባበት ግን የለም።" ከዚያ ነው "ንገር" ያለኝ።

ነገርኳችሁ። እናኑ "ያኔ ነበር" ስትል ለእሷና ለእሱ "ያኔ" አልፏል። ለእናንተ ግን አላለፈም። ለእናንተ "ያኔ" ማለት ዛሬ ነው፤ ከዚህ ወጥታችሁ ቤታችሁ የምትደርሱበት ሰዓት ነው። ስትደርሱ በራችሁ ላይ ቁሙና ቀና ብላችሁ ጉበኑን እዩት። ከዚያ መጥረቢያውን አንሡ። ልጃችሁ በእግሩ ቆሞ ሳለ አንሡት።