ከደረጃው ሥር የተሰጠ ምርቃት

አንድ ንጉሥ የሽማግሌ ምርቃት አጥብቆ ይወድ ነበር። አረጋውያን ሲታመሙ ሐኪም እንደሚያጡ ቢሰማ ጊዜ የሕክምና ቤት አሠራላቸው። ቤቱስ ቤት ነው፤ እግዜር ይስጠው። ነገር ግን ከእልፍኙ መስኮት ሆኖ ሊያየው ፈለገና ከኮረብታ አናት ላይ አቆመው፤ መውጫውንም መቶ ሃያ የድንጋይ ደረጃ አደረገው። ከሽማግሌዎቹ አንዱን እንኳ የጠየቀ አልነበረም።

በዓመቱ ሐኪሙ ቀርቦ፣ "ጃንሆይ፣ የአገርዎ ሽማግሌዎች ጤነኞች ናቸው። እኔ ዘንድ የደረሱት ሁሉ ልባቸው ብርቱ፣ ጉልበታቸው ጽኑ ነው" አለ። ንጉሡ ደስ ብሎት ግብር አበላ። ከዚያም ሊመረቅ ባለሟሎቹን አስከትሎ ወደ ኮረብታው ሄደ።

ከደረጃው ሥር አያ ጓንጉል የሚባሉ ሽማግሌ የባለቤታቸውን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

"አባቴ፣ ምን ሆናችሁ ነው?" አለ ንጉሡ።

"ትንፋሽ አጥሯት ይዣት መጣሁ። ሰባተኛው ደረጃ ላይ አቃታት፤ እኔም መሸከም አቃተኝ። ሐኪሙ እንዲወርድልን ሰው ብልክበት 'የታመመ ይውጣ' አለ።"

"ቀስ እያላችሁ ብትወጡስ?"

"ጃንሆይ፣ መውጣት ብንችልማ ምን ልንሠራ እንመጣ ነበር?"

ንጉሡ ሐኪሙን አስጠራ። ሐኪሙ እየሮጠ ወረደ፤ ለካስ ደረጃው መውረጃም ነበር። የሴትዮዋ ሕይወት ግን አልፎ ነበር።

ንጉሡ አፈረ። የለመደው ቃል አፉን ቀደመውና "ይመርቁኝ፣ አባቴ" አለ።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ።

"ዕድሜ ይስጥዎ።"

"አሜን" አሉ ባለሟሎቹ።

"ጉልበትዎ ሲደክም፣ ትንፋሽዎ ሲያጥር፣ ይህንኑ ቤት ከነደረጃው ይስጥዎ።"

"አሜን" አሉ ባለሟሎቹ፣ እንደ ልማዳቸው። ንጉሡ ብቻ ዝም አለ።

እኛም "ዕድሜ ይስጥህ" ስንባል አሜን ለማለት የሚቀድመን የለም። ዕድሜው ሲመጣ የምንታከምበትን ቤት ግን ለወጣት እግር እንሠራለን፤ መውጣት ያቃተውንም "እርጅና ነው" ብለን እንተወዋለን። ለሌላ ሰው ያበጀነው ደረጃ ግን ቆሞ እኛን ይጠብቃል።

አንባቢ ሆይ፣ ሰፈርህ ያለው ሐኪም ቤት ስንት ደረጃ አለው? እናትህስ ስንተኛው ላይ ትቀራለች?