ዳገቱን የደበቀችው እህት

አንዲት ዐይነ ስውር ሴት ነበረች፤ ዕድሜዋ አርባን የተሻገረ፣ ጉልበቷ ግን የሃያ ዓመት ልጅ የሚያስንቅ። ብስክሌት ትወዳደር ነበር። እንዴት ብላ አትበሉ። ብስክሌቱ ለሁለት ሰው የተሠራ ነው፤ ታናሽ እህቷ የሻረግ ከፊት ሆና መሪውን ትይዛለች፣ እሷ ከኋላ ትረግጣለች።

ውድድሩ ክሮኖ የሚሉት ነው። ጥንድ ጥንዱን በየተራ ይለቋቸዋል፤ ትግሉ ከሰዓት ጋር ብቻ ነው። ያን ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ዳገት ሁለት ዙር መውጣት ነበረባቸው። ፈጣኖቹ ሁለት ጥንዶች ለብሔራዊ ቡድን ይመረጣሉ። ሴትዮዋ ዐይኗ ከጠፋ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት "አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ" ስትባል የኖረች ናት። እዚያ ቡድን ለመግባት እንዴት እንደጓጓች እናንተው አስቡት።

በመጀመሪያው ዙር፣ ዳገቱ መሀል፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ። የሻረግ ሰማች። አንጀቷ አልቻለም።

"እትዬ፣ ደረስን። ይቺን ብቻ።"

ሴትዮዋ ያላትን ሁሉ አወጣች። አልደረሱም።

"አሁንስ?"

"አሁንማ ደረስን።"

አሁንም አልደረሱም። እውነተኛው ጫፍ ሲመጣ እግሯ ውስጥ የቀረ ነገር አልነበረም።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከኋላ ድምፅ መጣ።

"የሻረግ፣ ዳገቱ የት እንደሚያልቅ ይታይሽ ነበር?"

"ይታየኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን?"

"አሳዘንሽኝ፣ እትዬ።"

"ዐይኔ አንቺ ነሽ ብዬ ተቀመጥኩ። ሁለተኛ አታጥፊብኝ። ዳገቱን እንዳለ ንገሪኝ፤ ለጉልበቴ እኔ አውቅበታለሁ። ደግሞ አታልቅሺ፣ መንገዱን እዪ። ሁለታችንም ካላየን ገደል ገባን።"

በሁለተኛው ዙር የሻረግ፣ "ሦስት መታጠፊያ ይቀራል፤ የመጨረሻው ከሁሉ ይከፋል" አለች።

"ጎሽ። በይ ቀስ እንበል።"

ሴትዮዋ ጉልበቷን ቆንጥራ ቆንጥራ አወጣች፤ መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ያስቀረችውን ሁሉ ለቀቀችው።

ተመረጡ ብዬ ደስ ባሰኘኋችሁ። አልተመረጡም። በመጀመሪያው ዳገት የባከነው አልተመለሰም።

ሴትዮዋ ከብስክሌቱ ሳትወርድ፣ "በስንት?" አለች።

የሻረግ ከንፈሯን ነከሰች። "በአሥራ አንድ ሰከንድ። ሦስተኛ ነን።"

ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ የእህቷን ጀርባ አገኘችና አሻሸችው።

"ይኸው ነገርሽኝ። ሞትኩ? ለከርሞ እንመጣለን።"

እናንተስ? እናንተ ስንት ዳገት ደብቃችኋል? ሐኪሙ የነገራችሁን ውጣችሁ፣ የታመመችው አጠገብ ቆማችሁ፣ "ዛሬማ ፊትሽ ጠርቷል" የምትሉ እናንተ አይደላችሁም? ሌላዋን ደግሞ፣ ወንድሟ ሳትሰማ ተቀብሮ ወር ሲሞላው "ስልኩ ተበላሽቶ ነው" የምትሏትስ? እሷ እኮ ዛሬም ትደውላለች።

"አዝነንላት ነው" ትላላችሁ። ውሸት ነው። ስታለቅስ ማየት ፈርታችሁ ነው። ያዘናችሁት ለራሳችሁ ነው።

ጌታ የተከተሉትን መንገዱ ሜዳ ነው ብሎ አልሸነገላቸውም። መከራ እንዳለበት ቁርጡን ነገራቸው። ነግሯቸውም ዞር አላለም።

እንግዲህ ዛሬ ሂዱና ንገሯት። በር ላይ ቆማችሁ አይደለም፤ ቁጭ ብላችሁ፣ እጇን ይዛችሁ። ነግራችሁም ላጥ እንዳትሉ። ለቅሶዋ እስኪወጣላት እዚያው እደሩ።