አልነሳም ያለው ጆንያ

ተረት አለኝ፤ አፍንጫችሁን ይዛችሁ ስሙኝ።

በአንዲት የቆላ ከተማ፣ ከወንዝ ዳር፣ እትዬ አሰገደች የሚባሉ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ትርንጎ ከወለደች ገና አምስተኛ ቀኗ ነው። ወንዙ ክረምት በመጣ ቁጥር እየሞላ ቤት ይወስድ ስለነበር ከተማው የጎርፍ መከላከያ ግንብ ሠራ። ደግ አደረገ፤ ጎርፍ ማን ይወዳል? ግን ያ ወንዝ ቆሻሻችንንም ይወስድልን ነበር። አዎ፣ ወንዝ ውስጥ እንጥል ነበር፤ የታችኛው ሰፈር ሰው እየረገመን። ኃጢአታችንን አልደብቅም። አሁን ግንቡ ወንዙን ከለከለና ቆሻሻውን ለእኛው ተወልን። የሰፈሩ ዝናብ የሚወጣባት አንዲት ቀዳዳ ከግንቡ ሥር አለች፤ አፏ ላይ አንድ ቆሻሻ የጠገበ ጆንያ ተወትፏል። ትናንት ዘነበና ውሃው መውጫ አጥቶ እስከ አራሷ ደጅ መጣ። ዛሬም ሰማዩ ጠቁሯል። የእትዬ አሰገደች ፍላጎት ይህችው ብቻ ናት፤ ያ ጆንያ ይነሳላቸው።

«ጆንያ፣ ተነስ!» አሉት።

«አልነሳም! የት ልታደርጊኝ? ጎረቤት ደጅ ብታኖሪኝ ጎረቤት መልሶ ያመጣኛል። ጋሪ ይውሰደኝ» አላቸው። ጆንያ እንኳ አንቺ አላቸው፤ ዘመኑ ነው። ጆንያው ከቀዳዳው አልነሳም አለ፤ ውሃው ከአራሷ ደጅ አልሄድም አለ።

ከጽዳት ማህበሩ ጋሪ ዘንድ ሄዱ። «ጋሪ፣ ጆንያውን ጫንልኝ።»

«አልጭንም እናቴ። የቆሻሻ ገንዳው ያለው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ግንቡ መንገዴን ዘግቶታል።» ጋሪው ጆንያውን አልጭንም አለ፤ ጆንያው ከቀዳዳው አልነሳም አለ፤ ውሃው ከአራሷ ደጅ አልሄድም አለ።

ግንቡ ዘንድ ሄዱ። «ግንብ፣ ጋሪውን አሳልፍልኝ።»

«አላሳልፍም። እኔ ጎርፍ አቁም ተባልኩ እንጂ ስለ ቆሻሻ የነገረኝ የለም። አንዲት በር ነበረችኝ፤ እሷንም ቆለፏት።» ስለ ቆሻሻ የነገረኝ የለም! ሰማችሁ? ያን ሁሉ ሲሚንቶ ሲያቦኩ «የእነዚህ ሰዎች ቆሻሻ በየት ይውጣ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይሄ ነው። ግንቡ ጋሪውን አላሳልፍም አለ፤ ጋሪው ጆንያውን አልጭንም አለ፤ ጆንያው ከቀዳዳው አልነሳም አለ፤ ውሃው ከአራሷ ደጅ አልሄድም አለ።

የበሩ ቁልፍ ከግንቡ ዘበኛ ከጋሽ ጫኔ ወገብ ላይ ተንጠልጥሏል። «ቁልፍ፣ ግንቡን ክፈትልኝ።»

«ያለ ደብዳቤ አልከፍትም» አለ ቁልፉ። ጋሽ ጫኔም አንገታቸውን ደፍተው፣ «እንጀራዬ ነው እትዬ፤ ደብዳቤ ይዘው ይምጡ» አሉ። ቁልፉ ግንቡን አልከፍትም አለ፤ ግንቡ ጋሪውን አላሳልፍም አለ፤ ጋሪው ጆንያውን አልጭንም አለ፤ ጆንያው ከቀዳዳው አልነሳም አለ፤ ውሃው ከአራሷ ደጅ አልሄድም አለ።

የከተማው ቢሮ ሄዱ። ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። «ደብዳቤ፣ ቁልፉን እዘዝልኝ።»

«አላዝም። ሳይፈረምብኝ ባዶ ወረቀት ነኝ። ኃላፊው ይፈርሙብኝ።»

ኃላፊው አቶ ልዑልሰገድ ደግሞ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ «አሁን አልፈርምም እናቴ» አሉ። «ግንባችን ገና መመረቁ ነው፤ እንግዶች ሊጎበኙት ይመጣሉ። የቆሻሻ ጋሪ በዚያ ሲወጣ ሲገባ ቢያዩ ገጽታ ያበላሻል።»

«ውሃው ከአራስ ልጄ አልጋ ሊደርስ ነው እኮ፣ ጌታዬ!»

«ጎርፍማ ቀርቷል! ሪፖርቱ ላይ አለ።»

ይብላኝ ለሪፖርቱ! ኃላፊው ደብዳቤውን አልፈርምም አሉ፤ ደብዳቤው ቁልፉን አላዝም አለ፤ ቁልፉ ግንቡን አልከፍትም አለ፤ ግንቡ ጋሪውን አላሳልፍም አለ፤ ጋሪው ጆንያውን አልጭንም አለ፤ ጆንያው ከቀዳዳው አልነሳም አለ፤ ውሃው ከአራሷ ደጅ አልሄድም አለ።

እትዬ አሰገደች በንዴት ቤታቸው ደረሱ። ሰባት የሰፈር ሴቶች ገንፎ ይዘው አራስ ሊጠይቁ መጥተው ውሃው አላስገባ ብሏቸው ጭቃ ላይ ቆመዋል። ከዚያው ሆነው «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ይላሉ። ትርንጎ ልጇን አቅፋ አልጋው ላይ ቆማለች።

«ገንፎውን በመስኮት አቀብሏትና ተከተሉኝ» አሉ እትዬ አሰገደች። «ሌላም የምንጠይቀው አራስ አለ። የየቤታችሁን ጆንያ እዘሉ።»

አዘሉ። ስምንት ሴት፣ ስምንት ጆንያ፣ ወር የሰነበተ። የኃላፊውን በር ከፍተው እልል እያሉ ገቡ።

«እንኳን ማርያም ማረችዎት!»

«እኔን?» አሉ አቶ ልዑልሰገድ አፍንጫቸውን ይዘው።

«ግንብ ተገላገሉ አይደል? አራስ በባዶ እጅ አይጠየቅም ብለን ነው» አሉ እትዬ አሰገደች፤ ጆንያቸውንም ምንጣፉ ላይ ዘረገፉት። «ግንብ ወንድ ነው፤ ክርስትናው በአርባ ቀኑ ነው። እስከዚያ በየቀኑ እንመጣለን።»

ዝንቡ ከእንግዶቹ ቀድሞ ገባ። ኃላፊው ብዕር ፍለጋ ኪሳቸውን ሁሉ ዳበሱ። ኃላፊው ደብዳቤውን ፈረሙ፤ ደብዳቤው ቁልፉን አዘዘ፤ ቁልፉ ግንቡን ከፈተ፤ ግንቡ ጋሪውን አሳለፈ፤ ጋሪው ጆንያውን ጫነ፤ ጆንያው ከቀዳዳው ተነሳ፤ ውሃውም ከአራሷ ደጅ እየጮኸ ሄደ። ማታ ዝናቡ ወረደ፤ ሕፃኑ ሳይሰማው ተኛ።

በማግስቱ ጋሽ ጫኔ መጡ። «እትዬ፣ ትናንት በሩ ሲከፈት ቁልፉን ተቀብለውኝ ነበር። ይመልሱልኝ።»

እትዬ አሰገደች መቀነታቸውን ዳበስ አደረጉ፤ ቁልፉ እዚያ ተቋጥሯል።

«ደብዳቤ ይዘው ይምጡ፣ ጋሽ ጫኔ» አሏቸው። «የተፈረመበት።»

ተረቴን መልሱልኝ፤ ቁልፉን ግን አንመልስም።