ያልወረደችው ጀልባ

አንድ ሰው ነበረ። በዚያ በክፉው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ነዳጅ በሚጭን መርከብ ላይ የመርከበኞች አለቃ ነበረ። እስቲ አስቡት! ከላይ ነዳጅ ተጭኖ፣ ከሥር ሰርጓጅ መርከብ እያደባ፣ ባሕር መሻገር ምን ማለት ነው? እሳት ላይ ተቀምጦ መሄድ ነው።

ይህ ሰው ታዲያ አንድ የሚመካበት ነገር ነበረው፤ የነፍስ አድን ጀልባዎቹ። ወደብ በደረሱ ቁጥር ነጭ ቀለም ይቀባቸዋል። ገመዱ የሚዞርበትን መዘውር እንኳ ሳይቀር ይቀባል። ተቆጣጣሪዎች ያዩና "እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ!" ይሉታል። እሱም ደረቱን ይነፋል።

ሑመድ የሚባል የዳህላክ ሰው፣ የልብ ወዳጁ፣ አብሮት ይሠራ ነበር። አንድ ቀን፣ "ወንድሜ፣ ቀለሙስ አማረ። እስቲ አንዷን እንኳ ውኃ ላይ አውርደን እንሞክራት" አለው።

"አብደሃል እንዴ? ከመርከቧ ጎን ጋር ተፋትጋ ትላጣለች!"

"ብትላጥስ? የተሠራችው ለሰው አይደለም እንዴ?"

"ተወኝ ባክህ! ነገ ተቆጣጣሪ ይመጣል።"

ሑመድም ተወው። ምን ያድርግ? ሰውየው አለቃው ነዋ!

ባሕሩ መካከል ሲደርሱ መርከቧ ሰርጓጁ በውኃ ውስጥ በተኮሰው ፈንጂ፣ በቶርፒዶ ተመታች። በአንዱ ጎን ያሉትን ጀልባዎች እሳት በላቸው። ሰዎቹ ወደ ቀረችው ጀልባ ሮጡ፤ ገመዱን ሳቡ። ንቅንቅ አልል አለች! መዘውሩ ለምን አይዞርም? ቀለም በቀለም ላይ ተደራርቦ አጣብቆታል! ሰውየው በጥፍሩ ቧጠጠው፤ በቢላ ፋቀው። ሑመድ አጠገቡ ቆሞ ገመዱን ይስባል።

ሁለተኛው ቶርፒዶ ሰውየውን ባሕር ላይ ወረወረው። ሌላ መርከብ አገኘውና አተረፈው። ሑመድን ያገኘው የለም። ሰውየውም እስኪሞት ድረስ "እኔ ነኝ የገደልኩት" እያለ ኖረ። እውነቱን ነው! ምን ብለን እናጽናናው?

ግን እናንተ ልትፈርዱበት ትችላላችሁ?

ወገኖቼ፣ የበጎ አድራጎት ኮሚቴያችን ባነር አለው። ማኅተም አለው። አንድ ዓይነት ሸሚዝ አለው። አምሮብናል! ባለፈው ክረምት ግን እዚሁ በቤተ ክርስቲያናችን አጥር ሥር፣ ሕፃን የታቀፈች እናት ዝናብ ሲደበድባት ማን ወጣላት? ስብሰባ ላይ ነበራችሁ። የምትነጋገሩትም ስለ አዳራሹ መጋረጃ ነበር። ሕፃኑን ስንቀብር ሁላችሁም ያንን ሸሚዝ ለብሳችሁ መጣችሁ።

ዛሬ "አሜን" አትበሉኝ። ያቺ እናት አሁንም እዚያው አጥር ሥር ናት። ተነሡና አስገቧት።