የትርንጎ ምርቃት

በአንድ ወቅት፣ በወሎ በምትገኝ አንዲት የገበያ ከተማ፣ ሃያ ካሬ ሜትር መሬት፣ ሃያ ሁለት ቆርቆሮና ስልሳ ሦስት ሌሊት ተደምረው አንዲት ቤት ሆኑ። ቤቷ ማንንም አላጣላችም። ሦስት ለጋሾችን ያጣላቻቸው ከቤቷ ጋር የምትገኝ አንዲት ምርቃት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትርንጎ የምትባል ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር መናኸሪያው በረንዳ ላይ ታድር ነበር። በየወሩ በሃያ አንድ ቀን ማርያም ደጅ፣ በየጁምዓው ደግሞ መስጊድ ደጅ ስለምትቀመጥ የየትኛው ወገን እንደሆነች የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ቀን የደብሩ ቄስና የመስጊዱ ኢማም ሰፈሩን ሰበሰቡና፣ «ክረምቱ ሳይቀድመን ቤት እንሥራላት» አሉ።

እህል ነጋዴው አቶ ሽታሁን መጀመሪያ ምንም አልሰጡም ነበር። ጎረቤታቸው፣ የመስጊዱ ሽማግሌ ሐጂ እንድሪስ «ክዳኑ ከእኛ» ሲሉ ግን አላስቻላቸውም። «ክዳኑ በምን ላይ ሊቆም ነው?» አሉና ከግቢያቸው በመንገድ በኩል አራት በአምስት ሜትር ቆርሰው ሰጡ። ግቢው በወጣትነታቸው ጆንያ ተሸክመው የገዙት ነው። ያቺን ቁራሽ ለልጃቸው ሱቅ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀዋታል። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ አኩርፎ አያናግራቸውም።

ሐጂ እንድሪስ የሰጡት ቆርቆሮ ሰጋጆች ከሶላት በፊት ለሚታጠቡበት የውዱእ ቦታ ክዳን በሁለት ዓመት ያጠራቀሙት ነበር። አንዳንዶች አጉረመረሙ። ሐጂም፣ «እኛ የምንረጥበው ልንታጠብ ነው፤ እሷ የምትረጥበው ልትተኛ ነው። ጫኑት!» አሉ። በዚያ ክረምት ሰጋጁ ሁሉ ዝናብ እየወረደበት ታጠበ፤ ሐጂንም የማይለቅ ሳል ያዛቸው።

የማርያም እድር የሴቶች ሰብሳቢ እትዬ ዝማም ደግሞ፣ ቤቱ እስኪያልቅ ትርንጎንና ልጆቿን ስልሳ ሦስት ሌሊት አሳደሩ። የነበራቸው ትርፍ ክፍል የእንቦሳቸው ማደሪያ ብቻ ነው። እንቦሳዋን አውጥተው ውጭ ግድግዳው ጥግ አሰሯት፤ በሁለተኛው ሳምንት ብርድ ገደላት፤ ላሟም ነጠፈች። «ዳግም ትወልዳለች» አሉና ማንም ሳያያቸው አለቀሱ።

ጭቃውን የሰንበት ተማሪዎችና በመስጊዱ ቁርዓን የሚቀሩ ደረሶች እየተሳሳቁ አብረው ረገጡ። ቤቷ አለቀች። አቶ ሽታሁን መቅናት የጀመሩትም ያን ጊዜ ነው። መንገደኛው ሁሉ ሽቅብ እያየ «የሐጂ ቤት አማረች» ይላል። የትርንጎ ልጆች ዝማምን «እማማ» እያሉ ይከተላሉ። አቶ ሽታሁን ቆጠሩ፦ በአንድ ገበያ ቀን አሥራ አራት ሰው ሐጂን አመሰገነ፤ ዘጠኝ ሰው ዝማምን። እሳቸውን የጠራቸው አንድ ሰው ነው፤ እሱም የጤፍ ዋጋ ሊጠይቅ።

«መሬት አይታይም! ቆርቆሮ ግን ያብለጨልጫል» ብለው ለሚስታቸው ተማረሩ።

«ታዲያ መሬቱን ገልብጠህ ከላይ አታደርገውም?» አለቻቸው።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። አዲስ ቤት የገባ ሰው «ቤት ለእንቦሳ!» ይላል፤ የቤቷ እመቤትም «እንቦሳ እሰሩ» ብላ ትመርቃለች። በዚያ ሰፈር ደግሞ ሙሉው ምርቃት መጀመሪያ ለገባው ነው፤ ለሌላው የሚተርፈው ቅራሪ ነው ይባላል። ሦስቱ ለጋሾች እሁድ በሦስት ሰዓት አብረው ሊሄዱ ተቀጣጥረዋል። አቶ ሽታሁን በአንድ ሰዓት ብቻቸውን ሄዱ።

«ቤት ለእንቦሳ!» ብለው ገቡ።

ትርንጎ ደንግጣ ተነሳች፤ ሁለት እጇን ዘረጋች። «እግዜር ይስጥልኝ፤ አላህ ይስጥልኝ» አለች።

«ኧረ አይደለም፣ ልጄ! እሱ የበረንዳ ምስጋና ነው። አሁን እኮ ባለቤት ነሽ። እንቦሳ እሰሩ በይ እንጂ!»

ልትል አፏን ስትከፍት በሩ ጨለመ። ሐጂና እትዬ ዝማም ደርሰዋል። እነሱንም ያመጣቸው «ሌላው ይቀድመኛል» የሚል ጥርጣሬ ነው።

«ጋሽ ሽታሁን፣ ሰዓትዎ ይቀድማል ልበል?» አሉ እትዬ ዝማም።

«እናንተስ ምን አስቸኮላችሁ? እኔ ገብቻለሁ፤ ቃሉንም ብያለሁ።»

«ምላሽ አላገኘህማ!» አሉ ሐጂ እየሳሉ። «ያልተመለሰ ሰላምታ አይቆጠርም። ውጣና እንደገና እንግባ።»

«ማን ይቅደም?» ብለው ጠየቁ አቶ ሽታሁን።

«ክዳን ባይኖራት ቤት ትባል ነበር?» አሉ ሐጂ።

«እሷና ልጆቿ ባይተርፉ ማን ሊኖርባት ነበር?» አሉ እትዬ ዝማም።

«መሬት ባይኖርስ የት ትቆም ነበር?» አሉ አቶ ሽታሁን፤ ከገቡበትም ፈቀቅ አላሉ።

ትርንጎ ሦስቱንም አየች። «አባቶቼ፣ እናቴ፤ ቃሉን ገና አሁን መማሬ ነው። ሙሉው ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ለማን ልበለው?»

እንግዲህ እንቁጠረው። የጠፋው፦ ሃያ ካሬ መሬትና የልጅ ፍቅር፤ የሰጋጆች መጠለያና የአንድ ሽማግሌ ጤና፤ አንዲት እንቦሳና የላም ወተት። የተገኘው፦ አንዲት ቤትና ከዝናብ የዳኑ ሦስት ነፍሶች። ያልተከፈለው አንድ ምርቃት ነው። ቀድመው የገቡት አቶ ሽታሁን ናቸው፤ የገቡት ግን ቀጠሮ አፍርሰው ነው። ሐጂ የሰጡት የብዙ ሰው ንብረት ነው፤ ወቀሳውን የተሸከሙት ግን ብቻቸውን ነው። ዝማም ለቤቷ አንድ ምስማር አላዋጡም፤ ነገር ግን ቤት ሳይኖር ቤት የሆኑት እሳቸው ናቸው።

እናንተ ብትሆኑ፣ ትርንጎ «እንቦሳ እሰሩ» የምትለው ለማን ነው ትላላችሁ?