ብዙ የሚበላው የግራፊክስ ካርድ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ በየዋሻቸው ኮምፒውተር ባስገቡበት ዘመን፣ አያ አንበሶ አረጀ። ጉልበቱ ከዳው፤ ከሚያርፍበት ዋርካ ጥላ ተነስቶ ወንዝ መውረድ እንኳ አቃተው። አንድ ቀን አራዊቱን ሰበሰበና እንዲህ አላቸው፦

«የተወለድኩበት ገደል ከተራሮቹ ወዲያ ነው። ፏፏቴው ሲወርድ ዳግመኛ ሳላየው ልሞት ነው፤ እግሬ አይወስደኝም። ያንን ገደል በስክሪን ላይ ሕያው አድርጎ ላሳየኝ፣ የጠየቀኝን እሰጠዋለሁ።»

አሞራ ወዲያው በርሮ ሄደ። ገደሉን ከላይም ከታችም ፎቶ አንስቶ ተመለሰ። ፎቶዎቹን ወስደው ሥራውን የጀመሩት ግን ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አያ ጅቦና አህያ።

አህያ የተነሳው ሽማግሌው አንበሳ ስላሳዘነው ነው። የአያ ጅቦ ሐሳብ ሌላ ነበር። በአንበሳው አዋጅ አህያ መብላት ከተከለከለ ብዙ ክረምት አልፏል። ለሚስቱም «ካሸነፍኩ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ወፍራም አህያ!» አላት። የአህያ ጆሮ ደግሞ ረጅም ነውና ወሬው ሳይውል ሳያድር ደረሰው። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ለአንበሳው ብቻ ሳይሆን ለነፍሱም ሆነ።

ሁለቱም ከፎቶዎቹ እያዩ ቋጥኙን፣ ዛፉንና ውሃውን በኮምፒውተር ሠሩ። ችግር የመጣው ሥዕሉ ሲንቀሳቀስ ነው። ሥዕሉን እየሠራ ወደ ስክሪኑ የሚልከው የግራፊክስ ካርዳቸው አርጅቶ ነበር፤ ሥራው ከበደው። ፏፏቴው እንደ ረጋ ማር አንዴ ጠብ፣ አንዴ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ተነስተው ወደ እመት ቀበሮ ሱቅ ሄዱ።

እመት ቀበሮ ሁለት ካርዶች ጠረጴዛዋ ላይ አኖረች። አንዱ ሦስት ማራገቢያ የተገጠመለት፣ እንደ ጡብ የሚከብድ ነው። ሌላው ትንሽ፣ ባለ አንድ ማራገቢያ።

«የትልቁ ሜሞሪ አሥራ ስድስት ጊጋባይት ነው፤ የትንሹ ስምንት» አለች።

«አሥራ ስድስት!» አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «ፍጥነቱስ?»

«ትልቁ በሴኮንድ መቶ ሥዕል ያወጣል፤ ትንሹ ስልሳ።»

«መቶ! ስንት ይበላል ታዲያ?»

«ኤሌክትሪክ ማለትህ ነው? የትንሹን ሦስት እጥፍ ይበላል።» እመት ቀበሮ አትዋሽም፤ እውነቱን ግን ሰሚው እንደሚወደው አድርጋ ነው የምታቀርበው። «ጎበዝ ሠራተኛ መቼም በላተኛ ነው፣ አያ ጅቦ።»

«እውነትሽን ነው! እኔን አታዪም? የማይበላ ምን ይሠራል!»

አህያ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ። «እመት ቀበሮ፣ የሠራሁትን ገደል ይዤ መጥቻለሁ። በሁለቱም ካርዶች እስቲ አሳዪኝ» አለ።

ከሱቁ ጓሮ ጄኔሬተሩ እየጮኸ ነበር። ቀበሮ መጀመሪያ ትንሹን ሰካች፤ ውሃው ያለ ማቋረጥ ወረደ። ከዚያ ትልቁን ሰካች። ውሃው ወረደ፤ በየቅጠሉ ላይ ያረፈው ጠብታ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ታየ። አህያ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ትልቁ በእርግጥ ይበልጣል» አለ።

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል?»

«እዚህ ጄኔሬተር አለሽ። አያ አንበሶ የሚያየው ግን ዋርካው ሥር ነው፤ እዚያ ያለን የሶላር ባትሪ ብቻ ነው። ትልቁን ይችለዋል?»

ቀበሮ ጠረጴዛውን በጅራቷ መጥረግ ጀመረች። «እሱ እንግዲህ የባትሪው ጉዳይ ነው። እኔ የምሸጠው ካርድ ነው።»

«እንግዲያው ትንሹን ስጪኝ። ውሃው ሳይቆራረጥ ከወረደ ይበቃኛል።»

አያ ጅቦ እስኪያስለው ሳቀ። «ስልሳ ይዞ ከመቶ ጋር ሊወዳደር! ዞሮ ዞሮ አህያ አህያ ነው።» ትልቁን ካርድ አቅፎ ወጣ። በመንገድም ሁሉ የአህያን ታፋ በዓይኑ ሲለካ ሄደ።

አያ አንበሶ ሥዕሎቹን የሚያይበት ቀን ደረሰ። ረፋዱ ላይ አራዊቱ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። አያ ጅቦ ካርዱን ቀድሞ በባትሪ ሳይሞክር፣ ማንንም ሳያስቀድም ኮምፒውተሩን ከባትሪው ጋር አገናኘ።

ገደሉ ወለል ብሎ ታየ። የቋጥኙ ስንጥቅ፣ የዛፉ ሥር፣ ሣሩ ሁሉ ልክ እንደ እውነት ነበር። አራዊቱ «አቤት!» አሉ። አያ አንበሶ ራሱን ቀና አደረገ። አህያ «አለቀልኝ» አለ በልቡ።

አያ ጅቦ በኩራት ሥዕሉን ወደ ፏፏቴው አዞረ። ሥራው ሲከብድ ሦስቱ ማራገቢያዎች አጓሩ፤ ካርዱ ጉልበት ጠየቀ፤ ባትሪው የሚሰጠው አጣ። ስክሪኑ ድርግም አለ።

አያ ጅቦ እንደገና ከፈተው። ፏፏቴው ጋ ሲደርስ እንደገና ጠፋ።

«ሌላ ባትሪ አምጡ!» ብሎ ጮኸ።

«በዚህ ጫካ ካሉት ባትሪዎች ትልቁ ይኸው ነው» አለው አያ አንበሶ በቀስታ።

«እመት ቀበሮ! አታለልሽኝ!»

«ስንት ይበላል አልከኝ፤ ሦስት እጥፍ አልኩህ» አለች ቀበሮ። «በመብላቱ የተደሰትከው አንተ ነህ።»

ተራው የአህያ ሆነ። በእሱ ሥዕል ቅጠሎቹ ያን ያህል አልጠሩም፤ ራቅ ያለውም ድንጋይ ደብዘዝ ብሏል። ፏፏቴው ግን ወረደ። ሳያቋርጥ፣ ሳይደናቀፍ ወረደ።

አያ አንበሶ እየተጎተተ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ምላሱን አወጣና መስታወቱን ላሰ። ጦጣ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ፊቱን ስታይ ዘጋችው።

«እናቴ ውሃ ያጠጣችኝ እዚያ ጋ ነው» አለ አንበሳው። ከዚያም ወደ አህያ ዞረ። «ምን ልስጥህ?»

አህያ ጆሮውን ዝቅ አደረገ። «ጌታዬ፣ እርስዎ ካለፉ በኋላም ሣር ስግጥ ዞር ዞር እያልኩ ጀርባዬን እንዳላይ።»

«አያ ጅቦ፣ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ» አለ ጅብ አንገቱን ደፍቶ።

«እንግዲያው በሁሉም ፊት ማል።»

አያ ጅቦ ማለ። አህያም የዚያን ቀን ወደ ወንዙ ሜዳ ወርዶ፣ አንዴም ሳይዞር፣ እስኪጠግብ ጋጠ።

ከዚህ የምንማረው ዕቃ ስንመርጥ ጉልበቱን ከጉልበት ጋር ማወዳደር ብቻ እንደማይበቃ፣ የምንፈልግበትን ሥራና የቤታችንን አቅምም አብረን መመዘን እንዳለብን ነው።